ብርድ መታው

ባለፈው ሐሙስ ከደብረ ብርሃን ወደ አዲስ አበባ ስመጣ ሚኒባሱ ውስጥ በመስኮት የተነሳ ጸብ ነበር። የምታውቁት ጸብ ነው። ከኋላ የተቀመጠ ወጣት መኪና ያመዋል መሰለኝ፣ ፊቱ ገርጥቶ መስኮቱን ከፈት አደረገ። ከፊቱ ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው የተከናነቡ እናት ዞር ብለው «ልጄ፣ ዝጋው እንጂ፤ ብርድ ልታስመታን ነው እንዴ?» አሉት። ዘጋው። ትንሽ ቆይቶ ጣት በምታስገባ ያህል ከፈተው። አሁን ረዳቱም፣ ከጎኔ ያለው ሰውዬም፣ ሁሉም ተነሱበት። ሸኖ ስንደርስ ልጁ ፌስታል ተቀበለ። መስኮቱ ግን ለገጣፎ እስክንገባ አልተከፈተም።

እኔ አፌን ዘግቼ ተቀመጥኩ። ከእናንተ ውስጥ ክፍል ገብታችሁ የተማራችሁ ታውቁኛላችሁ፤ በሰው ጨዋታ መሀል ሳልጠራ ገብቼ ማስተማር ይቀናኛል። ያን ቀን ግን አልቻልኩም። «ብርድ መታው» የሚለው ነገር እኛ ቤት ውስጥ የራሱ ታሪክ አለው። እመጣበታለሁ። መጀመሪያ ስለ ቃሉ ላውራ፤ ከዚያን ቀን ወዲህ ከጭንቅላቴ አልወጣ ብሎኛልና።

ብርድ ሥሩ ሩቅ ነው። በግዕዝ «በረድ» ማለት ከሰማይ የሚወርደው በረዶ ነው። ዐረቡ «በርድ» ሲል ቅዝቃዜን፣ «በረድ» ሲል በረዶን ማለቱ ነው። በዕብራይስጥም «ባራድ» በረዶ ነው፤ በኦሪት ዘጸአት በግብፅ ላይ የወረደው መቅሠፍት። ሁሉም የአንድ አያት ልጆች ናቸው። ግዕዝ ራሱን ቅዝቃዜውን ሊል ሲፈልግ የሚቀናው ቃል «ቁር» ነው፤ እኛም ዛሬ በመጻሕፍት አማርኛ «ብርድና ቁር» እያልን ሁለቱን አጣምረን እንጠቀማለን፤ አንዱ ብቻውን የማይበቃ ይመስል።

ለደገኛ ደግሞ በእውነትም አይበቃም። ሌሊት ሰማዩ ጥርት ብሎ አድሮ ጠዋት ሣሩ ላይ ነጭ ሆኖ የምናገኘው ውርጭ ነው፤ አመዳይም ይሉታል። ጣት አልታዘዝ ብሎ የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ ሲያቅት ቆፈን ነው። ሳይታመሙ የሚበርድና ታመው የሚበርድ እንኳን ይለያያል፤ «በረደኝ» ያለ ጋቢ ይፈልጋል፣ «ብርድ ብርድ አለኝ» ያለ ግን ሐኪም። ወባ የያዘውን ሰው ያየ ያውቀዋል፤ ገላው እንደ ምጣድ እየፈጀ በሦስት ብርድ ልብስ ውስጥ ይንቀጠቀጣል። አንዱን ቃል ሁለት ጊዜ መድገም ብቻ ከአየር ጠባይ ወደ በሽታ ያሻግረናል።

በአንጻሩ በረዶ ላይ ስንደርስ ስስታሞች ነን። ጣሪያ የሚደበድበውም በረዶ፣ እንደ ጥጥ ቀስ ብሎ የሚወርደውም በረዶ፣ ፍሪጅ ውስጥ የረጋውም በረዶ። ሚኔሶታ የምትኖር ተማሪዬ ልጇ «እማዬ፣ የትኛው በረዶ?» እያለች እንደምታስቸግራት ነግራኛለች። ምን ታድርግ፣ እኛ አያቶቿ ያየነው አንዱን ነው!

ሰዋስዉን አስተውሉት ደግሞ። ራበኝ፣ ጠማኝ፣ በረደኝ። በሦስቱም ዓረፍተ ነገር ውስጥ እኔ ባለቤት አይደለሁም፣ ተሳቢ ነኝ። ብርዱ ነው አድራጊው። ይይዛል፣ ይገባል፣ ይገርፋል፣ ያንዘፈዝፋል። ከሁሉም በላይ ይመታል። ይህን «መታ» የሚለውን ግስ ያዙልኝ። ውርጭ ባቄላውን ይመታል። መብረቅ ዛፉን ይመታል። ምች ፀሐይ ላይ የዋለውን ይመታል። ብርድ ደግሞ ሰውን። ያደግኩት መንዝ ነው፤ እዚያ ማታ ለምለም ሆኖ ያደረ የባቄላ ማሳ ጠዋት ጠቁሮ ሲገኝ አይቻለሁ። ያን ያየ ገበሬ ልጁን «ብርድ መታው» ቢል ተረት እያወራ አይደለም። ማሳው ላይ በዓይኑ ያየውን ነው ወደ ቤቱ ያስገባው።

አንድ ሌላ ነገር፣ የቀድሞ ተማሪዎቼ ሁሌም የምትጠይቁኝ። የፈረንጁን «ዊንተር» ክረምት ብለን ተረጎምነው፤ ከዚያ ወዲህ በየመማሪያ መጽሐፉ ብርድ የክረምት ጠባይ ሆነ። ደጋ ላይ ያደገ ልጅ ግን ግራ ይገባዋል። ሐምሌ ርጥብ ነው፣ ጭቃ ነው፣ ደመናው ግን እንደ ብርድ ልብስ ነው፤ ሌሊቱን ይሸፍነዋል። አጥንት ሰብሮ የሚገባው ብርድ የሚመጣው ዝናቡ አባርቶ ሰማዩ ሲገለጥ ነው፤ ከጥቅምት እስከ ጥር፣ ማለትም በጋ በምንለው ወቅት። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚባለው እኮ ለዚህ ነው፤ ሥጋ ቀምሶ ብርዱን ለመቋቋም። ይህን ያነሳሁት ለሰዋስው ክርክር አይደለም። ኅዳር የሚባለውን ወር ልብ እንድትሉት ነው።

ወደ ታሪኩ ልግባ።

የአገራችን ብርድ የተጻፈበት ከማውቃቸው ማስረጃዎች ሁሉ ቀዳሚው አዱሊስ ላይ የነበረ ድንጋይ ነው። በ6ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ፣ ዐፄ ካሌብ ባሕር ተሻግረው ሂምያርን ሊወጉ ሲዘጋጁ፣ ኮስማስ የሚባል የግብፅ ነጋዴ አዱሊስ ወደብ ነበር። ከተማው በር ላይ በነጭ እብነ በረድ የተሠራ ዙፋን አለ፤ በግሪክኛ የተጻፈበት። ንጉሡ ጽሑፉ ተገልብጦ እንዲላክላቸው አዘዙ፤ ኮስማስና አንድ ጓደኛው ገለበጡት፤ ኮስማስ ለራሱም አንድ ቅጂ አስቀረ። (እብነ በረድ! የእብነ በረድ ስም ውስጥ እንኳን በረድ አለ፤ የበረድ ድንጋይ።) ዙፋኑ ዛሬ የለም፤ የተረፈን የኮስማስ መጽሐፍ ነው።

ጽሑፉ ከካሌብ በፊት፣ ብዙዎች በ3ኛው ምዕተ ዓመት ገደማ ይሆናል የሚሉት፣ ስሙ ያልተገኘ የአክሱም ንጉሥ ድል ነው። አስገበርኳቸው የሚላቸውን ሕዝቦች እየዘረዘረ ሄዶ ተከዜን ከተሻገረ በኋላ ሰሜን ይደርሳል፤ የዛሬው ሰሜን ተራራ። እዚያ ላይ ቆም ይላል። ብዙውን አገር በስም ብቻ ያልፈዋል፤ የሰሜንን ግን ብርዱን ይተርካል። ተራራው ለመውጣት የሚያስቸግር እንደሆነ፣ ውርጩና በረዶው እንደማይለየው፣ ሰው ሲረግጠው እስከ ጉልበቱ እንደሚሰምጥ ይናገራል።

ስንት ዓመት አስተማርኩት፣ ሁሌም የሚገርመኝ ግን ይኸው ነው። ይህ ንጉሥ በረሃውንም ባሕሩንም አቋርጫለሁ ይላል፤ ስለ ሙቀቱ ግን ይህን ያህል አልተጨነቀም። ለአክሱም ሰው ሙቀት አዲስ ነገር አይደለም። ብርዱን ግን እንደ አንድ ጠላት ቆጥሮ ድንጋይ ላይ አስቀረጸው። ራስ ደጀን ከ4,500 ሜትር በላይ ነው፤ ዛሬም አንዳንዴ በረዶ ይለብሳል። ወታደሮቹ ምን ለብሰው እንደወጡ አስቡት።

ከዚያ ወዲህ ያለው የነገሥታት ታሪካችን ብዙውን ጊዜ የደጋ ታሪክ ነው፤ ወባ የለም፣ ጠላት ለመውጣት ይቸገራል፣ ገብሱ ይበቅላል። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው ምዕተ ዓመት የዘመናቸውን የመጨረሻ ዓመታት ደብረ ብርሃን ላይ ተቀመጡ፤ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ። ከተማዋ ስሟን ያገኘችው በሰማይ ታየ ከተባለው ብርሃን ነው። ተማሪዎቼ ግን ኅዳር ላይ ጠዋት እጃቸውን እያሹ «ቲቸር፣ ደብረ ብርድ ነው መባል ያለበት» ይሉኝ ነበር። በንጉሡ ዘመን የብርድ ልብስ ፋብሪካ የተተከለው እዚያው መሆኑ ማንንም አላስገረመም፤ የመንዝ ሴቶች ፋብሪካው ሳይመጣ ስንት ዘመን ሱፍ ፈትለው ባና ሲያሠሩ ኖረዋል።

አዲስ አበባስ? እኛ የምንኖርባት ከተማ የብርድ ልጅ ናት ብል አላጋነንኩም። ምኒልክ እንጦጦ ላይ ከተሙ፤ ለጦር ቦታው ግሩም ነው፣ አራቱንም ማዕዘን ያሳያል። ግን ነፋሱ ነበር፣ ብርዱ ነበር፣ እንጨቱም አለቀ። እቴጌ ጣይቱ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ያለውን ፍልውሃ ወደዱት፤ ከመሬት የሚወጣ ሙቅ ውሃ። በ1879 ዓ.ም. ቤት እንዲሠራላቸው ጠየቁ፣ ሥፍራውን አዲስ አበባ አሉት፣ መኳንንቱም እየተከተለ ወረደ። የታሪክ መጽሐፉ ይህን በሁለት መስመር ያልፈዋል። እኔ ግን እንጦጦ ማርያም በወጣሁ ቁጥር ጋቢዬን ሳጠብቅ እቴጌይቱን አስባቸዋለሁ። አንዲት ሴት በረደኝ አለች፣ ዋና ከተማ ተነሳ። ከዚያ ደግሞ አዲሲቱም ከተማ ማገዶ ጨርሳ ልትለቀቅ ስትል ባሕር ዛፍ መጥቶ አዳናት። ያም ያው የብርድ ታሪክ ነው፤ እሳት የማግኘት ጉዳይ።

ብርድ የወሰደብንም አለ። ልዑል ዓለማየሁ ከመቅደላ ሲወሰድ ገና የ7 ዓመት ልጅ ነበር። እንግሊዝ አገር አደገ፣ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1879 ሊድስ ውስጥ በ18 ዓመቱ ሞተ፤ የሳንባው ሽፋን ተቆጥቶ። እዚህ ሰው ስለ እሱ ሲያወራ የሐኪሙን ቃል አይጠቅስም፤ «ያ የሰው አገር ብርድ ጨረሰው» ነው የሚለው። ዊንዘር ተቀብሯል፤ አጽሙ ይመለስ የሚለው ጥያቄ እ.ኤ.አ. በ2023 እንደገና አይሆንም ተባለ። ብርድ እዚህ ላይ የአየር ጠባይ ብቻ አይደለም፤ ሰው የሌለው ሰው የሚሰማው ነገር ነው። ስደት ያላችሁ ትረዱኛላችሁ። «አገሩ ይበርዳል» ብላችሁ ስትደውሉ ስለ ቴርሞሜትሩ ብቻ እንዳልሆነ እኔም ይገባኛል።

የቃኘው ወታደሮችም አሉ። እ.ኤ.አ. በ1951 ኮሪያ የደረሰው የመጀመሪያው ሻለቃ ያንን ክረምት፣ ማለቴ በጋ፣ ማለቴ ዊንተሩን (ይኸውላችሁ ችግሩ) ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ በሚወርድ ብርድ በምሽግ አሳለፈው። ደገኛ ወታደር ውርጭን ያውቃል፤ እንዲህ ያለውን ግን አያውቅም። አንድ የቃኘው ሽማግሌ ጎረቤት ነበሩን። ስለ ተኩሱ ስንጠይቃቸው ያጫውቱናል፤ ስለ ብርዱ ስንጠይቃቸው ዝም ብለው እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ይከታሉ።

አሁን ቃሉ የሚያጠፋውን ብቻ አውርቼ እንዳልበድለው። አማርኛ ውስጥ «በረደ» ብዙ ጊዜ መልካም ዜና ነው። ጸቡ በረደ። ቁጣው በረደለት። ሁከቱ በረድ አለ። ሽማግሌ የሚሄደው ነገር ለማብረድ ነው። የሚቃጠል ቤት ያየ ሕዝብ ሰላምን ብርድ ብሎ ቢጠራው አይፈረድበትም። ወንድሙ «ቀዘቀዘ» ግን ሌላ ዕጣ ነው የደረሰው። ገበያ ይቀዘቅዛል፣ ሥራ ይቀዘቅዛል፣ ፍቅር ይቀዘቅዛል፣ ሰው ሲተክዝ «ምነው ቀዘቀዝክ?» ይባላል። ጸብ ይበርዳል፣ ፍቅር ይቀዘቅዛል፤ ጆሯችሁን አዳምጡት፣ ገልብጣችሁ ብትሉት ትንሽ ይቆረቁራል። (ሻይና ወጥ በሁለቱም ይሄዳሉ፤ እነሱ ምንም አይሉም።) «ቀዝቃዛው ጦርነት» የሚለውን ትርጉም ግን ወድጄው አላውቅም። እኛ አገር በዚያ ጦርነት ዘመን፣ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ኦጋዴን ላይ የሆነውን ያየ ምኑ ነው ቀዝቃዛው ይላል። ለእነሱ ቀዝቃዛ ነበር። በቃ፣ ይህን እዚህ ላይ ልተወው።

ወደ ኅዳር እንመለስ።

በ1911 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባ ገባ። እኛ የኅዳር በሽታ እንለዋለን። በሺዎች ሰው ሞተ፤ ቀባሪ ጠፋ፤ ያኔ አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪም ታመው ተርፈዋል። ዛሬም ኅዳር 12 ቀን በየሰፈሩ ቆሻሻ ተሰብስቦ ሲቃጠል፣ ኅዳር ሲታጠን ስንል፣ ያን ጊዜ እያሰብን ነው። አየሩ ተበክሏል፣ ጭስ ያጠራዋል ከሚል። ሐሳቡ የእኛ ብቻ አልነበረም፤ ብዙ ሕዝብ በሽታን በመጥፎ አየር ሲያሳብብ ኖሯል፤ የጣሊያኑ ማላሪያ እንኳን ቃሉ ክፉ አየር ማለት ነው።

ያ ቀን ኅዳር ሚካኤልም ነው። የእኛ ቤት ታሪክ የሚጀምረው እዚህ ነው።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ታናሽ ወንድሜ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። እናቴ ስለት ነበረባት፤ ኅዳር 12 ገና ሳይነጋ አዝላው ቤተ ክርስቲያን ሄደች። ሣሩ ነጭ ነበር፤ በባዶ እግሬ እየተከተልኳት ሲንኮሻኮሽ አስታውሰዋለሁ። በሦስተኛው ቀን ልጁ ማሳል ጀመረ። ከዚያ ጡት አልይዝ አለ። ትንፋሹ እንደ ሮጠ ውሻ ፈጠነ፤ የጎድኑ አጥንት እየገባ ይወጣል። ዳማ ከሴ ታሸለት፣ ቅቤ ተቀባ፣ በሩ ተዘጋ፣ ስንጥቁ በጨርቅ ተወተፈ፣ ምድጃው ላይ ኩበት ተጨመረ። ቤቱ ውስጥ ዘጠኝ ሰው፣ ሁለት ጥጃ፣ በጎች። ጭሱ ዓይን አያስገልጥም። ከሩቅ የመጣ አንድ ዘመዳችንም ያን ሳምንት ከእኛው ጋር ያድር ነበር፤ ሌሊቱን ሲያስል ያድራል።

በአራተኛው ቀን ሞተ። ለቅሶ የመጣው ሁሉ አንድ ነገር አለ። «ብርድ መታው።» አንዳንዷ ደግሞ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ትጨምራለች፤ «በዚያ ውርጭ ይዛው ወጥታ እኮ ነው።»

እናቴ ይህን ሰምታለች። አርባ ዓመት ሰማችው። ከዚያ በኋላ ቤታችን በር ተከፍቶ አያውቅም ማለት ይቻላል። እኔ አስተማሪ ሆኜ ደብረ ብርሃን ስትመጣ የተከራየኋትን ቤት መስኮት በጋዜጣ ለጠፈችው። ልጆቼን በአምስት ድርብ ጠቀለለቻቸው። ማንም ምንም ሳይላት፣ ቡና እያፈላች፣ «ያን ቀን ባልወጣ ኖሮ» ትላለች፤ ለራሷ።

ሐኪም የሆነ ተማሪ አለኝ። ራሱ እዚህ ያነበዋል። አንድ ቀን ቤት መጥቶ እናቴ ለእሱም ያንኑ ታሪክ ነገረችው። ስሸኘው በር ላይ ቆመና «ጋሼ፣ ይህ እኮ ብርድ አይደለም፤ የሳንባ ምች ነው» አለኝ። አሁን ጤና ኬላ ያሉት የኤክስቴንሽን ሠራተኞች የሕፃኑን ትንፋሽ በሰዓት እንደሚቆጥሩ ነገረኝ፤ ዓመት የሞላው ልጅ በደቂቃ 40 እና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ ይጠረጥራሉ፣ ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ ደግሞ ጊዜ አይሰጡም። በውሃ የሚሟሟ ክኒን አለ። ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮም ክትባቱ ይሰጣል። ጀርሙ የሚመጣው ከሰው ነው፣ በሳልና በትንፋሽ፤ ጭሱ ደግሞ የልጁን ሳንባ ያዳክመዋል። «ውርጩ ላይ መውጣቷ ሳይሆን» አለኝ፣ ከዚያ ዝም አለ። ቤቱ መዘጋቱ ሊል ነበር።

እስቲ ቃሉን ተመልከቱት። የሳንባ ምች። ምች እኮ የፀሐይ ነው! ፀሐይ ላይ የተኛ፣ ላብ በላብ ሆኖ የተቀመጠ ነው ምች የሚመታው። ሐኪም ቤቱ ለበሽታው ስም ሲያወጣ ከሙቀቱ ወገን ወሰደ፤ እናቶቻችን ከብርዱ ወገን አስቀሩት። ስለዚህ የጤና ባለሙያው ራዲዮ ላይ «የሳንባ ምች» ሲል ብዙ እናት ስለ ሌላ በሽታ የሚያወራ ይመስላታል። የእሷ ልጅ ብርድ ነው የመታው። ሁለቱ ሰዎች ስለ አንድ ልጅ እያወሩ አይገናኙም። ይህ በሽታ በዓለም ላይ ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን ከሚገድሉ ተላላፊ በሽታዎች ቀዳሚው ነው። የቃል ጉዳይ ነው ብሎ ማለፍ አልሆነልኝም።

ክፍል ውስጥም እንዲሁ ነበር። ስልሳ ልጅ፣ ስድስት መስኮት፣ ሁሉም ዝግ። አንድ ዓመት ከኋላ ወንበር የሚቀመጥ ጎበዝ ልጅ ሲያስል ከረመ፤ «ብርድ ነው ቲቸር» ይለኛል፣ እኔም «ሹራብ ልበስ» አልኩት። ቲቢ ነበር። ታክሞ ዳነ፣ ተመስገን፤ ግን ያን ሁሉ ወር መስኮቱን የምዘጋው እኔ ነበርኩ። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲመጣ የታክሲ መስኮት ክፈቱ የሚል መመሪያ ሲወጣ፣ ሰዉ ጭምብሉን እንኳን ሲቀበል መስኮቱን ግን እምቢ ሲል ያየሁት ለዚህ አልገረመኝም።

ብርድ ምንም አያደርግም እያልኩ አይደለም፤ ገና የተወለደ ሕፃን ብርድ በእርግጥ ይገድለዋል፣ ደጅ የሚያድርም ሰው አለ። የምለው፣ ብርዱን ፈርተን የምንዘጋው በር ውስጥ አብሮን የሚዘጋ ነገር አለ ነው።

እና ለእናቴ ነገርኳት። ሸክም አወርድላታለሁ ብዬ። ቡናዋን ጨርሳ ስትቀመጥ፣ «እማዬ፣ አንቺ አይደለሽም እኮ፣ ውርጩም አይደለም፤ ከሰው የሚተላለፍ በሽታ ነው፤ በትንፋሽ ነው የሚጋባው» አልኳት። ጀበናውን ይዛ ዝም አለች። ረጅም ዝምታ። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝና፣

«ታዲያ ማን ነው ያመጣበት?» አለችኝ።

ሌሊቱን ሲያስል ያድር የነበረው ዘመዳችን ትዝ አለኝ። በሕይወት አለ፣ በየዓመቱ ለፋሲካ ይመጣል፣ እናቴ እግሩን ታጥበዋለች። እሷም ትዝ ብሏት እንደሆነ አላውቅም። «እንጃ እማዬ» አልኳት። ያን ጊዜ ነው ያ አሮጌ ቃል ሲያደርገው የኖረውን የተረዳሁት። እናቴን በድሏታል፤ ሌላውን ሁሉ ግን ነፃ አውጥቶታል። ብርድ ስም የለውም፣ ዘመድ የለውም፣ ማንም ደጁ ሄዶ አይጣላውም። ኮሮና ጊዜ «እከሌ ነው ያመጣው» እየተባለ ሰው በሰፈሩ ሲገለል ሳይ የእናቴ ጥያቄ ጆሮዬ ላይ ነበር።

ስለዚህ ሐሙስ ዕለት ዝም አልኩ። ይበል ይከልከል፣ እስካሁን አልወሰንኩም። ሐኪሙ ተማሪዬ ይህን አንብቦ «ጋሼ፣ መናገር ነበረብህ» እንደሚለኝ አውቃለሁ፤ ምናልባት ልክ ነው። ላምበረት ስንደርስ ያ ወጣት ላብ በላብ ሆኖ ወረደ። መስኮቱን ያዘጉት እናት ቀድመውት ወርደው ነበር። ጠበቁት። ከከረጢታቸው ሎሚ አውጥተው እጁ ላይ አደረጉለት፣ የጃኬቱን ዚፕ እስከ አገጩ ሳቡትና «ላብህን ሳትጠርግ እንዳትሄድ፣ ብርድ ይመታሃል» አሉት። ልጁ ሳቀ፤ ጠረገ።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። የየአገራችሁን የብርድ ቃላት ጻፉልኝ። እኔ የማውቀው የመንዝንና የደብረ ብርሃንን ነው። ጎጃም፣ ጋይንት፣ ላስታ፣ ሰሜን ያላችሁ፣ ለጠዋቱ ውርጭ፣ ለነፋሱ፣ ለጣት መደንዘዝ ምን ትላላችሁ? እዚያ ማዶ ያላችሁትም፣ ልጆቻችሁ እንደ ጥጥ ለሚወርደው በረዶ ያወጡለት የአማርኛ ስም ካለ እሱንም። ያቺ የሚኔሶታዋ ልጅ እየጠበቀች ነው።